የወልዱ እምቢታ

ሽሮ ሜዳ ጋቢ ገዝቶ ወልዱን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ የገዛው ጋቢ አይደለም፣ ወይ ሽሮ ሜዳ አልደረሰም። ታክሲው ሰው ከሚያራግፍበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ሱቅ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ተቀምጧል። ጨርቁን በሁለት ጣቱ ይዞ አንዴ አሸት ካደረገው ማን እንደሸመነው ይነግርሃል። ፋብሪካ የወለደውን "የእጅ ፈትል ነው" ብሎ ሊያሞኘው የመጣ ነጋዴ ደግሞ ገና በሩ ላይ ሳለ ነው የሚመለሰው። "እኔን መልክ አያታልለኝም!" ይላል ወልዱ። ይህን ሲል ደረቱን ይነፋል፤ የሚነፋ ደረት ግን የለውም፣ ቀጭን ሰው ነው።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ "እሺ" ብሎ ገበያ ጀምሮ አያውቅም። ወልዱ ዘንድ "አይሆንም" ማለት "ትንሽ ጨምር" ማለት ነው። "በፍጹም አያዋጣኝም" ማለት "ደርሰሃል፣ እንዳትሄድ" ማለት ነው። ጋቢውን አጣጥፎ ወደ መደርደሪያው ከመለሰው፣ በቃ፣ ተሸጧል። ገዢውም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ የተቆጣ መስሎ ሦስት እርምጃ ይሄዳል፣ አራተኛውን ሳይረግጥ "ና እንግዲህ!" ተብሎ ይጠራል። እንዲህ ተኮራርፈው፣ ተጨቃጭቀው፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። ማንም ማንንም አልዋሸም። ወግ ነው።

ለዚህ ወግ ያልተገዛ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መምህር ያዕቆብ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የግሪክ ፍልስፍና ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቁስቋም ማርያም አጠገብ በመጽሐፍ ተከበው የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሱቁ መጥተው የአንድ ጋቢ ዋጋ ጠየቁት። ወልዱም እንደ ልማዱ ሰው ሰምቶ የሚስቅበትን፣ ለመጀመሪያ ብቻ የሚባለውን ዋጋ ጠራላቸው። እሳቸው "ጥሩ" አሉና ከፍለው፣ አመስግነው፣ ጋቢውን በክንዳቸው ይዘው ወጡ። ወልዱ አፉን ከፍቶ ቀረ። የተዘረፈ ያህል ተሰማው፤ ዘራፊው ግን ራሱ ነው፣ ግራ ገባው። ገበያው ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረውም።

እንግዲህ ቅዳሜ ማታ አንዲት ልጁ ቤዛዊት ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ ገብታ አጠገቡ ስትቀመጥ፣ ስለ ማን ልትነግረው እንደሆነ የት ያውቃል!

"አባዬ፣ ነገ ለፊሊሞን ሽማግሌ ሆነው የሚመጡትን ታውቃለህ?"

"አጎቱ ናቸው አላልሽኝም? የሱሉልታው።"

"አቶ ጉታም ይመጣሉ። ዋናው ተናጋሪ ግን መምህር ያዕቆብ ናቸው። ፊሊሞንን አስተምረውታል፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ እንደ አባት የሚያያቸው እሳቸውን ነው።"

"የትኛው ያዕቆብ?"

"ያንን ጋቢ የገዙህ።"

ወልዱ ሳቁ መጣበት። ቤዛዊት ግን አልሳቀችም።

"አባዬ ሙት፣ የምሬን ነው። እሳቸው የተባሉትን ነው የሚሰሙት። ነገሩን ሳታስረዝም እሺ በላቸው።"

"በአንድ ቃል?" አለ ወልዱ። "ምን ጎደሎ አለብሽና ነው በአንድ ቃል የምትወጪው? የእናትሽ አባት እኮ እኔን ሦስት ጊዜ ነው የመለሰኝ። ሦስተኛው ላይ እንዲያውም ውሻ ሊለቅብን ነበር። እኔ ነገ ገና ሳይቀመጡ እሺ ብል፣ 'ቆማ ልትቀር ስትል ገፍቶ ሰጣት' አይባልም? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚባለው።"

"የዘገየችውስ አሳረረች" አለች ሚስቱ ጸሐይ፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች። ጸሐይ በዚያ ቤት ውስጥ የመጨረሻዋን ቃል ለማንም አትተውም።

ልብ በሉ፤ ወልዱ ልጁን ለፊሊሞን ሊሰጥ ወስኗል። ፊሊሞንን ይወደዋል። ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ሀዋሳ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ኃላፊ ነው። ጸሐይ አንዴ "ሀዋሳ ይዟት ሊሄድ ነው እኮ" ብትለው፣ "ሀዋሳ ምን አላት? ቁርስ በልተሽ ብትነሺ ምሳ እዚያ ነሽ" ብሎ ዘግቷታል። ነገሩ አልቋል። የቀረው ወጉ ብቻ ነው፤ ወጉ ደግሞ የሱ ነው። አባት ከሠርጉ ሁሉ የራሱ የሆነች አንዲት ነገር ብትኖር ይህቺ እምቢታው ናት።

እሁድ መጡ። መምህር ያዕቆብ ያንኑ ጋቢ ለብሰዋል፣ ከዘራ ይዘዋል፤ ጺማቸው ነጭ ነው፤ ለሽምግልና የተፈጠሩ ይመስላሉ። አቶ ጉታ ከኋላቸው ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ወልዱ "ተቀመጡ እንጂ" አለ። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አቶ ጉታ። ደግ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓቱ ነው። ጓዳውን ከሳሎን በሚለየው መጋረጃ ጀርባ ቤዛዊትና ጸሐይ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመዋል። በምድጃው ላይ ለሃያ ሰው የሚበቃ ዶሮ ወጥ አለ።

ወልዱ አሁን ረጅም ንግግር ይጠብቃል፤ ስለ ዘር፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ አምላክ ፈቃድ። መምህር ያዕቆብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አቶ ወልዱ፣ ፊሊሞን ቤዛዊትን ማግባት ይፈልጋል። እሷም ትፈልገዋለች። ቢፈቅዱ ደስ ይለናል።"

አለቀ። አቶ ጉታ እንኳ ዘወር ብለው አዩዋቸው።

ወልዱ ትንሽ ቅር አለው፤ ግን ተራው ደርሷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ሲለማመድ የከረመውን አወጣው። "መምጣታችሁ ለቤቴ ክብር ነው። ነገር ግን ልጄ ገና ልጅ ናት።" ቤዛዊት ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። "ዘመድ አልመከረበትም። አገሩንም ሰዉንም አላውቀውም። እና አይሆንም።" ቆም አለና፣ የጸሐይ አባት ያኔ እንዳደረገው ክንዱን አጣምሮ፣ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ጨረሰው። "አልሰጥም!"

እንዴት ያለ እምቢታ ነበር! ወልዱ ራሱ በድምፁ ተደሰተ። አቶ ጉታ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሊለምኑ አፋቸውን ከፈቱ። መምህር ያዕቆብ በእጃቸው አስቆሟቸው።

"ገብቶናል" አሉ። ፊታቸው በአክብሮት በርቷል። "አቶ ወልዱ፣ እንዲህ ቁልጭ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው በዚህ ከተማ ብርቅ ነው። አከብርዎታለሁ። ደህና ይዋሉ።" ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና ወጡ።

አቶ ጉታ ግራ ገብቷቸው ተከተሉ። የተማረ ሰው እያለ ምን ይናገራሉ? ምናልባት አዲስ አበባ እንዲህ ይሆናል ብለው አሰቡ። ከጓዳ ወደሚመጣው የወጥ ሽታ ግን ሁለት ጊዜ ዞረዋል።

ወልዱ ክንዱን እንዳጣመረ ቆጠረ። አንድ እርምጃ። ሁለት። ሦስት። አሁን ይመለሳሉ አለ። አራት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ የግቢው በር ተንቋቋ፤ ከዚያ የታክሲ በር ሲዘጋ ተሰማ።

"ሄዱ እንዴ?" አለ ወልዱ።

ጸሐይ መጋረጃውን ገልጣ ብቅ አለች። "ወይ ጉድ! ሸጥካቸው?"

ቤዛዊት ብትጮህ ይሻለው ነበር። አልጮኸችም። ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመችና፣ "ደስ አለህ፣ አባዬ?" አለችው ቀስ ብላ። ከዚያ ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ያ ሁሉ ዶሮ ወጥ ለጎረቤት ታደለ፤ ጎረቤቱም እየበላ "ምን ሆነው ነው?" ሲል ሰነበተ።

ነገሩ እየዋለ ሲያድር ባሰ። ፊሊሞን ከሥራው የወሰደው ፈቃድ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶታል። መምህሩ ዘንድ ሄዶ "ወግ ነው እኮ፣ ይመለሱልኝ" ቢላቸው፣ "ልጄ፣ አባትየው በግልጽ ነግረውናል። ሰው እምቢ ካለ በኋላ ደጁን መጥናት ቃሉን መናቅ ነው" ብለው አሰናበቱት። እሳቸውን ትቶ ሌላ ሽማግሌ እንዳይልክ ደግሞ እንደ አባት የሚያያቸውን ሰው ማዋረድ ይሆናል። ቤዛዊት ይህን ሁሉ ለእናቷ ትነግራለች፤ እናቷ ለወልዱ ትነግረዋለች። ለሱ በቀጥታ የምትለው "እህል ቀርቧል" ብቻ ነው።

"እኛ ሰው እንላክ በቃ" አለች ጸሐይ ረቡዕ ዕለት።

"ኧረ በስመ አብ! የሴት ወገን ሽማግሌ ሲልክ የት አየሽ? መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?"

"አሁንስ ምን ቀረህ? ሽሮ ሜዳ ሁሉ 'እምቢ ብሎ ተሸወደ' እያለ ነው።"

ይህቺ ልቡን ነካችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ግን ቢያንስ አፋፉ ድረስ ሄዶ ማየት ይቻላል። ሐሙስ ጠዋት ከሱቁ ምርጡን ጋቢ ጠቀለለ፣ በሩን ቆለፈ፣ ዳገቱን ወደ ቁስቋም ተያያዘው። ለሰው ጥያቄ መልሱን አዘጋጅቷል፤ ጋቢ ሊሸጥ ነው። ጋቢ ነጋዴ ጋቢ ቢሸጥ ማን ምን ይላል? የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ ሴቶች ሁለት ጊዜ መንገድ አስለቀቁት። እያለከለከ፣ በልቡም ያንን የጸሐይን አባት እምቢታ እየረገመ ደረሰ።

"አቶ ወልዱ! ግልጹ ሰው!" ብለው ተቀበሉት መምህር ያዕቆብ። አገላብጠው ሳሙት። መጽሐፍ ከወንበር ላይ አንሥተው አስቀመጡትና ሻይ ቀዱለት።

ወልዱ ዙሪያውን ይሄድ ጀመር። "እንዲያው መምህር፣ እሁድ ባዶ ሆዳችሁን ሄዳችሁ..."

"አይጨነቁ! ምንም አልተቀየምንም።"

"አይ፣ ማለቴ... ልጆቹስ አሳዝነውኝ ነው።"

"ስለሱም አያስቡ። ፊሊሞንን ቁጭ አድርጌ መክሬዋለሁ። እርሳት ብዬዋለሁ።"

ሻዩ ወልዱን ትን አለው። መምህሩ ጀርባውን ቸብ ቸብ እያደረጉ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበሉት፤ ከዚያ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት።

"ማንኪያዋን ያዩአታል? ሻዩ ውስጥ የገባችበት ላይ ተሰብራ የለ?"

"ተሰብራለች" አለ ወልዱ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

መምህሩ ማንኪያዋን መዘዟት። ደህና ናት። "የጥንት ግሪኮች የተጣሉት በዚህች ነበር" አሉ በደስታ፤ አርባ ዓመት ያስተማሩትን የሚሰማቸው ሰው አግኝተዋል። "አንዳንዱ 'ዓይን ካየው ውጭ ሌላ ምን እናውቃለን?' ይላል። ሌላው ደግሞ 'ዓይንና ጆሮ የሚያመጡልን ላዩን ብቻ ነው፤ እውነቱ ከሥር ነው፣ ለማግኘት መድከም ያስፈልጋል' ይላል። እኔ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምላቸው፣ በመጀመሪያ ያያችሁትንና የሰማችሁትን አትመኑ ነው።"

ወልዱ አያቸው። ይህ ሰው እየቀለደበት ይሆን? አይደለም፤ ፊታቸው እንደ ሕፃን ንጹሕ ነው። በፊት ለፊት እንዳይናገር ነውር ያዘው፤ ዝም እንዳይል ልጁ አለች። በመጨረሻ ጋቢውን ፈታና ጭናቸው ላይ ዘረጋው።

"መምህር፣ ይህን ጋቢ ይግዙኝ።"

"እንዴት ያምራል! ስንት ነው?"

ወልዱ ዋጋውን ጠራ፤ የመጀመሪያውን፣ የሚሳቅበትን።

"ጥሩ" አሉ መምህሩ፣ ኪሳቸውን እየዳበሱ።

"ጥሩ አይበሉ!" ወልዱ ከወንበሩ ተነሣ። "ውድ ነው ይበሉ!"

"ውድ መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

"ግድ የለም፣ ይበሉ ብቻ!"

"ውድ... ነው" አሉ መምህሩ እየፈሩ። "ግማሹን ልስጥዎት?"

"በፍጹም! አያዋጣኝም!" ወልዱ ሞቀው፤ የለመደው ሜዳ ነው። ጋቢውን ከጭናቸው ላይ መንጭቆ አጣጠፈው።

"ይቅርታ" አሉ መምህር ያዕቆብ፣ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው። "ካላዋጣዎትስ ይተዉት። አላስገድድዎትም።"

ወልዱ ራሱን ያዘ። "አዬ! አዬ እኔን! አያዋጣኝም ማለት እኮ ጨምሩ ማለት ነው!"

"ታዲያ ለምን ጨምሩ አይሉኝም?"

"ነውር ነዋ!"

"አጣጥፈው ያነሡትስ?"

"እሱማ ሸጫለሁ ማለት ነው! ገና ሲነኩት ሸጬዋለሁ። ግን እንዲሁ በአንዴ እንካ ብል የጋቢው ክብር የት አለ? 'ያደከመኝ፣ ያስለመነኝ ጋቢ' መባል አለበት። ሰው የለመነበትን ነገር ነው አክብሮ የሚይዘው።"

መምህር ያዕቆብ ማንኪያዋን በሁለት ጣታቸው ያሽከረክሯታል።

"አቶ ወልዱ።"

"አቤት።"

"እሁድ ዕለት አልሰጥም ሲሉኝ..."

ወልዱ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አሸሸ። "እኔ ስለ ጋቢ ነው የማወራው።"

"አዎ፣ አዎ፣ ስለ ጋቢ ነው። ይህን ጋቢ... ተመልሼ ብጠይቅ?"

"ገዢ ከተመለሰ ነጋዴ ምን ያደርጋል?"

"ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ መመለስ ያስፈልገኝ ይሆን?"

"አይ!" አለ ወልዱ በድንጋጤ። "ገበያው ሊበተን ነው። አንዴ ይበቃል። ገና እንደመጡ ነው የሚሸጠው።"

መምህር ያዕቆብ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። "አርባ ዓመት!" አሉ። "አርባ ዓመት ሙሉ 'በመጀመሪያ የሰማችሁትን አትመኑ' ብዬ ሳስተምር ኖሬ፣ ሰው አንዴ እምቢ ቢለኝ እጅ ነሥቼ ወጣሁ!" ይስቁ ጀመር። ጺማቸው እስኪርስ ሳቁ። ወልዱም ሳያስበው አብሯቸው ሳቀ፤ አራት ቀን ከቤቱ የጠፋ ሳቅ ነበር። ጋቢውን ዋጋ ሳይቀበል ትቶላቸው ዳገቱን እንደ ወጣት ወረደ።

"እሁድ ይመጣሉ" ብሎ ቤት ውስጥ አወጀ። ቤዛዊት አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። "ገና ሳይቀመጡ እሺ እላለሁ፣ እመቤቴን!" ብሎ ማለላት። ቅዳሜ ማታ ሲላጭ መስታወቱ ፊት "እሺ" ብሎ ሞከረው። አፉ ላይ አልተስማማውም። ቢሆንም አንዲት ቃል ናት፤ ምን ታስቸግራለች?

እሁድ ጸሐይ ዶሮ ወጧን በንዴት ሳይሆን በእልህ ሠርታ ጠበቀች። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ቆሙ። መምህር ያዕቆብ ዛሬ ሌላ ሰው ናቸው። አቶ ጉታ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያሠለጥኗቸው ሰንብተዋል መሰል፣ ስለ ዘር ተናገሩ፣ ስለ ጉርብትና ተናገሩ፣ ስለ አምላክ ፈቃድ ተናገሩ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መቱ። "እናም አቶ ወልዱ፣ ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ደግመን በደጅዎ ቆመናል!" ብለው ጨረሱ። አቶ ጉታ በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወልዱ እሺ ሊል አፉን ከፈተ። ዓይኑ ሳያስበው መጋረጃው ላይ ዐረፈ። መጋረጃው እስከ መሬት አይደርስም፤ ከሥሩ የቤዛዊት እግር ይታያል፣ አንዱ እግር ሌላኛውን ረግጦ። ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ትገባና ከተሰቀሉት ነጠላዎች ጀርባ ትደበቅ ነበር። ልክ እንዲህ እግሯ ከሥር እየታየ። እሱም ደንበኛውን አቁሞ፣ "ቤዚ የት ገባች? አያችሁልኝ ቤዚን? ኧረ ልጄ ጠፋችብኝ!" እያለ ሱቁን ያምሳል። እሷ ከጨርቁ ኋላ በሳቅ ትፈርሳለች።

"እምቢ" አለ ወልዱ።

አቶ ጉታ ፈገግ አሉ። መምህር ያዕቆብ ዓይናቸው በራ፤ ይህማ የተማሩት ትምህርት ነው! ወልዱን ሰርቀው ጠቀሱትና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "አቶ ወልዱ፣ እምቢታዎን ሰምተናል፤ ግን አንሄድም! በእግዜር ይዘንዎታል፣ ይስጡን!"

"አልሰጥም" አለ ወልዱ። ድምፁ ቀጠነ።

"አይ አባት!" ብለው ሳቁ አቶ ጉታ። ከመጋረጃው ጀርባ ጸሐይ፣ "ኧረ ይበቃሃል፣ ወጡ ቀዘቀዘ!" ስትል ተሰማ። መምህሩ ከዘራቸውን ለሦስተኛ ጊዜ መቱ። "ስለ ቁስቋም ማርያም ብለው!"

"አይሆንም" አለ ወልዱ። እጁ ወንበሩን ይዞ ነበር። "አይሆንልኝም።"

አቶ ጉታ እየሳቁ ነበር። መምህር ያዕቆብ ግን ሳቃቸውን ተዉ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጠጋ አሉና ፊቱን አዩት፤ ብዙ አዩት።

"አቶ ወልዱ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ይህ ወግ አይደለም።"

"አይደለም" አለ ወልዱ።

"ያለፈው እሁድስ?"

"ያለፈውም አልነበረም። እኔም ወግ መስሎኝ ነበር።" እንባው ወረደ፤ አልጠረገውም። "አንድ ልጄ ናት፣ መምህር። ሀዋሳ ቅርብ ነው እላለሁ። ቅርብ አይደለም። ማታ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ የምሰማው ድምፅ አለ፤ እሱ ከሀዋሳ አይሰማም። ሰው ጨርቅ ያውቃል ይለኛል፤ የገዛ ሆዴን ግን ዛሬ ነው ያየሁት።"

አቶ ጉታ ኮፍያቸውን ጨብጠው ያዙ። ቤዛዊት መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ወግ አይደለም፤ ልጅቷ የምትጠራው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ማንም ግን አልተናገራትም። መጥታ አባቷ አጠገብ ቆመችና ትከሻውን ያዘችው። እሷም እያለቀሰች ነው።

"አባዬ" አለች፣ "እኔ ግን እሺ ብያለሁ።"

ወልዱ ቀና ብሎ አያት። እሷ አልሸሸችም፤ ዓይኗን አልሰበረችም። የሚወዳትን ያህል አያት። መምህር ያዕቆብ መካከላቸው ቆመው፣ አርባ ዓመት ያስተማሩት ሁሉ ጠፍቶባቸው፣ እንደ ተማሪ ጠየቁ።

"ታዲያ እኛ የትኛውን እንያዝ?"

"ሁለቱም እውነት ነው" አለ ወልዱ። "እምቢው የኔ ነው፤ የምሬን ነው፣ አልመልሰውም። እሺው የሷ ነው፤ እሱም የምሯን ነው። እናንተ የመጣችሁት ለሷ ነው። የሷን ይዛችሁ ሂዱ። የኔን እዚሁ ተዉልኝ።"

ጸሐይ ከጓዳ እልልታዋን ለቀቀችው። መሃል ላይ ሲደርስ ድምፅዋ ከዳት። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገችና እንደ አዲስ ጀመረች።